ቃሉን መስማትና ቃሉን መቀበል



በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. በሸዋ ምድር ነጋሪት ተጎሰመ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ጠላት ባሕር ተሻግሮ አገር ሊወስድ መምጣቱን ለሕዝቡ አስታወቁ፤ የሚችለው እንዲከተላቸው፥ አቅም ያነሰውም በጸሎት እንዲረዳቸው አዘዙ። ለሸዋም ሰው የመገናኛውን ስፍራ ወረኢሉ አደረጉት። ወረኢሉ ንጉሡ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ያቀኗት የወሎ ደጋ ከተማ ናት። በጥቅምት ወር ጉዞው ተጀመረ፤ ከወረኢሉም ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ የሆነውን አንተም ታውቃለህ።

እኔ ግን ስለ ጦርነት ልጽፍልህ አልተነሣሁም፤ ስለ መስማት ልጽፍልህ ነው እንጂ። አዋጅ በተነገረ ጊዜ በአንድ መንደር የሚሆነውን አስብ። ነጋሪቱን ሁሉም ይሰማዋል። አንዱ የአዋጁን ቃል «መልካም ተናገሩ» ብሎ ያመሰግናል፥ ወደ ቤቱም ገብቶ ይተኛል። ሁለተኛው ቃሉን አንድ ሳያስቀር ያጠናዋል፥ ለጎረቤቱም አሳምሮ ይነግረዋል፤ እርሱ ግን ከደጁ አይወጣም። ሦስተኛው ከቃሉ እኩሌታውን ዘንግቶታል፤ ነገር ግን ወረኢሉ ድረስ መሄድ እንዳለበት አውቋል። ስለዚህ ስንቁን ያሰናዳል፥ በቅሎውን ይጭናል፥ ይነሣል። ከሦስቱ አዋጁን የሰማ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ሕፃን ልጅ እንኳ ይመልሰዋል። መስማት በጆሮ ይጀመራል፤ መሰማቱ የሚታወቀው ግን በእግር ነው።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። የእግዚአብሔር ቃል ከምድራዊ ንጉሥ አዋጅ የሚያንስ አይደለም። ብዙዎቻችንም ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል፤ አንዳንዶቻችን ዳዊት ደግመናል፥ አንዳንዶቻችን ወንጌልን በትምህርት ቤት ተምረናል፥ አንዳንዶቻችንም መጽሐፉን በቤታችን በመደርደሪያ ላይ አኑረናል። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ቃሉን የሰማ ሰው ቁጣው ያው፥ ስስቱ ያው፥ ሐሜቱ ያው ሆኖ የሚገኝበት ምክንያት ምንድር ነው? ጉድለቱስ የማን ነው? የቃሉ ነውን? የአስተማሪው ነውን? ወይስ የሰሚው ነው? ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለዚህ ነገር ከአንተ ጋር ልትነጋገር ወደ እጅህ መጥታለች።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለዚህ ጥያቄ በዘሪው ምሳሌ መልስ ሰጥቶበታል። የወረኢሉን፥ የለጋምቦን፥ የቦረናንም ደጋ ያየ ሰው ምሳሌውን ለመረዳት ሩቅ አገር አይሄድም፤ አራቱንም ዓይነት መሬት በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ያገኛቸዋልና። በማሳው ዳር ሰውና ከብት የረገጠው መንገድ አለ፤ ዘር ቢወድቅበት ወፍ ይለቅመዋል። በተረተሩ በኩል አፈሩ ስስ የሆነ ጭንጫ አለ፤ እህሉ ከሌላው ቀድሞ ይበቅላል፥ ፀሐይ በበረታ ጊዜም ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል። በአጥሩ ሥር እሾህና አረም አለ፤ ገብሱ አይሞትም፥ ፍሬ ግን አይሰጥም። ከዚህም ሁሉ በኋላ መልካሙ መሬት አለ። ዘሩ አንድ ነው፥ ዘሪው አንድ ነው፥ ዝናቡም አንድ ነው። የተለየው መሬቱ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ከአራቱ ሦስቱ ዘሩን እንዳልገፉት አስተውል። ጭንጫው በደስታ ተቀብሎታል፤ እሾሃማውም ተቀብሎታል። ቃሉን ከሚጠላ ሰው ይልቅ ቃሉን እየወደደ የማያሳድገው ሰው ይበዛል። ስብከት ሲሰማ የሚያለቅስ፥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ግን ልቅሶውን በደጅ ትቶት የሚሄድ ሰው ጭንጫ ነው። ቃሉን እውነት ነው ብሎ የሚያምን፥ ነገር ግን ንግዱና ዕዳው፥ ሹመቱና ክርክሩ ጊዜውን ሁሉ የወሰዱበት ሰው እሾሃማ መሬት ነው። እርሱ ቃሉን አልካደም፤ ቦታ ነሣው እንጂ።

ምናልባት እንዲህ ብለህ ትከራከረኝ ይሆናል፦ «መሬት ራሱን አልሠራም። ጭንጫ ሆኖ የተፈጠረ መሬት ምን በደለ? እኔም ልቤ ደረቅ ቢሆን የፈጠረኝ ያውቃል፤ እርሱ ካልሰጠኝ ከወዴት አመጣለሁ?» ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ በቀልድም የሚታለፍ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ እርሱ እንደ ተከለ፥ አጵሎስም እንዳጠጣ፥ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር ብቻ እንደ ሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። የሚያሳድግ እርሱ ከሆነ የእኛ ድርሻ ምንድር ነው?

መልሱን ከደጋው ገበሬ ተማር። በወሎ ደጋ ከክረምቱ ዝናብ ሌላ የበልግ ዝናብ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያርሰው ገብስ የእርሱን መምጣት ይጠባበቃል። ገበሬው ዝናብ ማዝነብ አይችልም። ደመና መጥራት አይችልም፤ ውርጭንም መከልከል አይችልም። ነገር ግን ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። መሬቱን ይገምሳል፥ ደግሞ ያርሰዋል፥ ይሰልሰዋል፤ ድንጋዩን ለቅሞ በዳር ይክባል፥ እሾሁን ይመነጥራል። እንዲህ ካደረገ በኋላ ዝናብ ቢቀር በደል የለበትም። ዝናቡ መጥቶ መሬቱን ጦም አድሮ ቢያገኘው ግን ሰማይን ሊወቅስ አይችልም። ጸጋ ከላይ ነው፥ እርሻ ከታች ነው። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ሰውም ከመሬት በአንድ ነገር ይለያል። መሬት ራሱን አያርስም። ሰው ግን መሬትም ነው፥ አራሽም ነው፤ ስለ ገዛ ልቡ እግዚአብሔር የሚጠይቀው እርሱን ነው። ጭንጫው እንደ ጭንጫ ይቀር ዘንድ የተፈረደበት የለም፤ ድንጋዩን የሚለቅም ካገኘ እርሱም ማሳ ይሆናል።

እንግዲህ የልብ ማረሻ ምንድር ነው ብትለኝ በአንድ ቃል እነግርሃለሁ፤ የዚህች ጽሑፍም ነገር ሁሉ ይኸው ነው። የልብ ማረሻ ከቃሉ በተረዳኸው በጥቂቱ መታዘዝ ነው። ያልገባህ ነገር ብዙ ይሆናል፤ ስለ እርሱ አሁን አትጨነቅ። የገባህን ግን ሳትፈጽመው አትለፍ። በጨለማ ፋኖስ ይዞ የሚሄድ ሰው መንገዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያይም፤ አንድ እርምጃ ያያል። እርምጃውን ከሄደ ሁለተኛው ይታየዋል። ካልሄደ ግን ፋኖሱ ሌሊቱን ሁሉ ቢበራም ያችኑ አንዲት ስፍራ ብቻ ሲያሳየው ያድራል። ቃሉን ለረጅም ዘመን አንብበው ያላደጉ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ብርሃን አልጎደላቸውም፥ እርምጃ ጎደላቸው እንጂ።

ይህ ነገር የአእምሮ ፍጥነት እንዳልሆነ ለማወቅ የዚችን አገር ሰው አስብ። በቦረና ከመካነ ሰላም ወዲያ የጋስጫ ገዳም አለ። በእርሱም ስም የሚጠራው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በዐሥራ አራተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በዐሥራ አምስተኛው መጀመሪያ ላይ የነበረ ሊቅ ነው። መጽሐፈ ምስጢርንና አርጋኖንን የደረሰ እርሱ ነው፤ የእርሱ ሰዓታት እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ይቆማል። ይሁን እንጂ ስለ እርሱ የሚተረከውን የሰማህ እንደ ሆነ ትደነቃለህ። አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለትምህርት በላከው ጊዜ ልጁ ፊደሉና ንባቡ አልገባው አለ። ዓመታት አለፉ፥ ባልንጀሮቹ ቀደሙት፥ መምህሩም ተስፋ ቆረጠ። እርሱ ግን ከገዳሙ አልወጣም። ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር፤ ወደ አምላኩም እያለቀሰ ይጸልይ ነበር። ከዚህ በኋላ ነው ማስተዋል የተሰጠው።

አንተ ተማሪ የሆንህ ወንድሜ፥ አንቺም ተማሪ የሆንሽ እኅቴ፥ ይህን ታሪክ በልባችሁ አኑሩ። ያ ልጅ በወፍጮው አጠገብ በነበረ ጊዜ ከባልንጀሮቹ ሁሉ ያነሰ ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ መሬቱ እየታረሰ ነበር። ከትምህርቱ ያልገባው ብዙ ነበር፤ ወንድሞችን ማገልገልና መጸለይ ግን ገብቶት ነበር፥ ይህንም ያደርግ ነበር። በገባው ስለ ታዘዘ ያልገባው ተከፈተለት። ዘግይቶ መረዳት ቃሉን አለመቀበል አይደለም። በፍጥነት መረዳትም ቃሉን መቀበል አይደለም። እንዲያውም ፈጣን አእምሮ ላለው ሰው አንድ ፈተና አለበት፤ ቃሉን በሰማ ጊዜ ወዲያው ስለሚገባው የፈጸመው ይመስለዋል። «ይህንስ አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል። አባቶቻችን ልብ ካላየ ዓይን አያይም ያሉት እንዲህ ስላለው ሰው ነው።

መታዘዝ ስል ግን አንድ ስሕተት እንዳይገባብህ አስጠነቅቅሃለሁ። ከውጭ በግድ የሚመጣ መታዘዝ የልብን መሬት አያርስም፤ ይረግጠዋል እንጂ። ይህንንም ይህች ምድር በመከራ ተምራዋለች። በ1870 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። በጉባኤው የሃይማኖት ክርክር ከተቆረጠ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እርሳቸውም በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። ከሕዝቡ ግን ከፊሉ ተሰደደ፤ ከፊሉ ከሼህ ጦልሐ ጋር ሆኖ ሸፈተ፤ ከፊሉም ቀን በሰው ፊት ክርስቲያን መስሎ ሌሊት በቤቱ በቀድሞ ሃይማኖቱ ጸለየ።

አንባቢ ሆይ፥ እኛ ክርስቲያኖች ይህን ታሪክ ልንሸፍነው አይገባንም። በትእዛዝ በአንገት ላይ ማተብ ማሰር ይቻላል፤ በልብ ውስጥ ቃል መዝራት ግን አይቻልም። ጌታችን በደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ ደጅ አይሰብርም። ሀብታሙ ጐልማሳ አዝኖ ከፊቱ በሄደ ጊዜም ወታደር ልኮ አላስመለሰውም። በግድ የተዘራ ዘር የሚያበቅለው ፍርሃትንና ግብዝነትን ነው፤ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የወሎ ሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ተጎራብቶ፥ በሰርግም በለቅሶም ተጠራርቶ የሚኖር መሆኑ የእግዚአብሔር ትዕግሥት ነው፥ የሕዝቡም ጥበብ ነው።

ይህንም የምነግርህ ያለፉትን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በቤትህ ትንሽ ቦሩ ሜዳ እንዳታቆም ነው። አባት ልጁን በአለንጋ እየገረፈ ጸሎት ቢያስጠናው ልጁ ጸሎቱን ያጠናል፤ ከጸሎቱ ጋር ግን የአለንጋውን ሕመም ያጠናል። ካደገም በኋላ መጽሐፉን ባየ ቍጥር አለንጋው ይታወሰዋል። ይልቁንስ ልጁ አባቱ ቃሉን ሲያነብ፥ ካነበበም በኋላ ከተጣላው ጎረቤቱ ጋር ሊታረቅ ሲሄድ ይየው። ያን ቀን ያለ አለንጋ ብዙ ይማራል። ለጎረቤትህም እንዲሁ ነው። ሃይማኖቱ ከአንተ የተለየ ሰው መጽሐፍህን ከማንበቡ አስቀድሞ የሚያነበው አንተን ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምርልህ። በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኢትዮጵያ ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን፥ እንመካበትማለን። ነገር ግን የሚያስመካው ሰረገላው ወይም ሹመቱ አይደለም። የንግሥቲቱን ገንዘብ ሁሉ የሚያዝዝ ታላቅ ሰው ነበረ፤ በእጁም የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነበረ። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ አላፈረም። የሚመራው ሰው ከሌለ ሊያስተውል እንደማይችል ተናገረ፤ በእግሩ የሚሄደውንም መንገደኛ ከጎኑ አስቀመጠው። ያነበበው ምዕራፍ አጭር ነበር፤ የተረዳውም አንድ ነገር ነበር። ውኃ ባየ ጊዜ ግን በዚያ በተረዳው አንድ ነገር ሳይዘገይ ታዘዘ፤ ሰረገላውን አስቁሞ ወረደ። ወደ አገሩ የተመለሰውም ደስ እያለው ነው። የተቀባይ ልብ ምልክቶች ሦስቱም በእርሱ ላይ ይታያሉ፤ ማንበብ፥ መጠየቅ፥ መፈጸም።

እኛ ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ተሰጥቶናል። አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ በካይሮ ተቀምጦ በፈረንሳይ ቆንስል በአስሊን እርዳታ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎመ። ጽሑፉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ። በ1824 አራቱ ወንጌላት፥ በ1829 አዲስ ኪዳን፥ በ1840 መጽሐፉ በሙሉ ታተመ። አቡ ሩሚ ግን ከዚህ አንዱንም ሳያይ በዚያው በካይሮ ሞተ። የዘራውን ሳያጭድ ሄደ፤ እኛ ያልዘራነውን እናጭዳለን።

በቀድሞ ዘመን አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፋቅ ነበር፤ ጸሐፊው ወራትን ይፈጅ ነበር፤ አንዲት መንደር በሙሉ አንድ ወንጌል አታገኝም ነበር። ዛሬ መጽሐፉ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። የተገኘው በቀላሉ ስለ ሆነ በቀላሉ እንዳንንቀው እንፍራ። የራበው ሰው ቍራሽ እንጀራ አክብሮ ይበላል፤ ሌማቱ የሞላ ሰው ግን ሻገተብኝ ብሎ ይጥላል።

አሁን ነገሩን ከገዳምና ከጉባኤ አውርደን ወደ ገበያ እናምጣው። አንድ የእህል ነጋዴ አለ እንበል፤ ጠዋት ተነሥቶ ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ያነብባል፥ ይጸልያል፥ ከዚያም ወደ ገበያ ይወጣል። በመደብሩ ሁለት ቁና አለው። ገበሬው ገብስ ሲያመጣለት በትልቁ ይሰፍራል፤ ለድሀይቱ ሲሸጥላት በትንሹ ይሰፍራል። ቁናውም ሚዛን ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ይህ ሰው ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን ከኦሪትም ከነቢያትም አንብቧል። ገብቶታልም። እንግዲህ ነገ ጠዋት የሚያነበው አዲስ ምዕራፍ ምን ይጨምርለታል? አንዲት ነገር አይጨምርለትም። የሚቀጥለው ምዕራፍ ያለው በመጽሐፉ ውስጥ አይደለም፤ በመደብሩ ውስጥ ነው። ትንሿን ቁና እስኪሰብራት ድረስ ማንበቡ መስተዋት አይቶ ፊቱን ሳይታጠብ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ቁናዋን የሰበረ ቀን ግን ምን እንደሚሆን እይ። መጀመሪያ ገንዘብ ይጎድልበታል። ባልንጀሮቹም ይስቁበታል። ምናልባት በማታው የቀራጩ የዘኬዎስ ታሪክ ይታወሰው ይሆናል፤ እርሱ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበርና። በፊት ያን ታሪክ መቶ ጊዜ አንብቦት ይሆናል፤ ዛሬ ግን ዘኬዎስ ወንድሙ ሆነ። ከዘኬዎስም ቀጥሎ «ከዚህ በፊት የወሰድሁትስ?» የሚል ጥያቄ በልቡ ይነሣል። ይህ ጥያቄ ትናንት አልነበረውም። እንግዲህ አደገ ማለት ይህ ነው። አንድ ነገር ታዘዘ፥ ሁለተኛው ተገለጠለት።

ይህን ለማድረግ የሚረዳህን ጥቂት ምክር ተቀበለኝ።

አንደኛ፥ ጥቂት አንብብ፥ በዝግታም አንብብ። መጽሐፉን ለመጨረስ አትሩጥ፤ ሩጫህን ማንም አይቈጥርልህም። ዝናብ በኃይል ሲዘንብ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ ቀስ ብሎ ሲያካፋ ግን ወደ ሥር ይገባል።

ሁለተኛ፥ ያነበብኸውን ለሌላ ሰው አትስጠው። «ይህ ቃል ለእገሌ ነበር የሚገባው» የሚል አሳብ በመጣብህ ጊዜ፥ ያ ቃል ለአንተ እንደ ተላከ እወቅ። ዳዊት ነቢዩ ናታን የነገረውን የበጉን ታሪክ ሲሰማ በሌላ ሰው ላይ ተቈጥቶ ነበር፤ የዳነውም ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ባመነ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፥ ከማንበብህ ስትነሣ አንድ ነገር ይዘህ ተነሣ። የምትመልሰው ዕዳ፥ የምትከፍለው የሠራተኛ ደመወዝ፥ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው፥ የምትተወው ሐሜት ይሁን። አንድ ብቻ ይሁን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይፈጸም።

አራተኛ፥ ያልገባህን ጠይቅ። በዕድሜ የሚበልጡህን፥ በእውቀትም የሚበልጡህን አትፈር። ከአንተ የሚያንሰውንም አትናቅ፤ ጃንደረባው ያስተማረው ባለ ሰረገላ አልነበረምና። ብቻህን አንብብ፥ ከሌሎችም ጋር አንብብ፤ ብቻውን የሚያነብ ሰው ቃሉን ለራሱ ፈቃድ ማጣመም ይቀለዋል።

አምስተኛ፥ በወደቅህ ጊዜ ማረስህን አታቋርጥ። በአንድ ዓመት ውርጭ የመታው ገበሬ በሬዎቹን አይሸጥም። ትላንት ተቈጥተህ ከሆነ ዛሬ ይቅርታ ጠይቅ፤ ይህም ራሱ መታዘዝ ነው።

«ማደጌን በምን አውቃለሁ?» ትል ይሆናል። በቃልህ ባጠናኸው ቍጥር አትለካው፤ በቃሉ ያጠና የአዋጅ ሰሚ ከደጁ እንዳልወጣ አይተናል። በተሰማህ ደስታም አትለካው፤ ጭንጫውም ደስ ብሎት ነበር። ከአንተ ጋር የሚኖሩትን ጠይቃቸው። ባለቤትህ ቁጣህ መቀነሱን አይታለችን? በቤትህ የሚያገለግለው ሰው ድምፅህ መለወጡን ሰምቷልን? ባለ ዕዳህ ከፊትህ ሳይፈራ ይቆማልን? ጠላትህ ክፉ ባገኘው ቀን ልብህ አዘነን? ገብስ ሲያሽት ተመልከት፤ ፍሬ የሌለው ዛላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፥ የሞላው ግን ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ቃሉን የተቀበለ ሰው ስለ ራሱ ጽድቅ የሚናገረው እያነሰ፥ የሌላውን ሸክም የሚሸከምበት ጫንቃው እየሰፋ ይሄዳል።

እድገቱም ዝግ ያለ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩል። ገበሬ ዘሩን በዘራ ማግስት አፈሩን ቆፍሮ አያይም። ሌሊትና ቀን ይተኛል ይነሣል፤ ዘሩም እንዴት እንደሚያድግ እርሱ ሳያውቀው ያድጋል። የአንተ ሥራ ማረስና መኰትኰት ነው። የቀረውን ለባለ ዝናቡ ተውለት።

ወዳጄ ሆይ፥ ነገሬን ከጀመርሁበት ልፈጽም። በ1888 ዓ.ም. ወረኢሉ የቀጠሮ ስፍራ ነበረች፤ ቀኑም ተወስኖ ነበር። ከቀኑ አስቀድሞ የተነሣ ሰው ጉልበቱ ደካማ ቢሆን፥ ስንቁም ቢያንስ፥ በመንገድ ላይ ነበርና ሰሚ ተባለ። ለእኛም ቀጠሮ አለን፤ ቀኑ ግን አልተነገረንም፤ የተነገረን ዛሬ የሚባለው ቀን ብቻ ነው። ይህችን ጽሑፍ አንብበህ «መልካም ተጽፏል» ብለህ ብታስቀምጣት አንተም ጸሐፊውም ምንም አልተጠቀምንም። አንድ የምታውቀው፥ የገባህ፥ ነገር ግን ያላደረግኸው ነገር አለ። እኔ አላውቀውም፤ አንተ ግን ይህን ስታነብ ታወሰህ። ወረቀቷን አኑርና ሂድ፤ እርሱን አድርግ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ግለጥ፤ ትናንት የተዘጋብህ ገጽ ተከፍቶ ታገኘዋለህ።

ቃሉን የሰጠን አምላክ የሚሰማ ጆሮ፥ የሚቀበልም ልብ፥ የሚነሣም እግር ለሁላችን ይስጠን። አሜን።